ዴልበርት ያለ ሕጉ የጣለው ቢጫ ጨርቅ

ዴልበርት ሩዚችካ በምዕራብ ነብራስካ የትምህርት ቤቶችን የአሜሪካ እግር ኳስ፣ ያንን በእጅ የሚወረወረውን፣ ሠላሳ አንድ ዓመት ዳኝቷል፤ የሕግ መጽሐፉንም እንደ ዳዊት ይደግመው ነበር። አብሬው ስለምዳኝ፣ ወደ ጨዋታ ስንነዳ በጥያቄ ያፋጥጠኛል።

«አንተ ደነዝ፣ ተከላካይ ተቀባዩን እስከ መቼ ይገፋዋል?»

«ኳሱ እስኪወረወር፣ ወይ ተቀባዩ እስኪያልፈው።»

«ከአምስት ያርድ በኋላ አትንካው የሚለውስ?»

«እሱ የፕሮፌሽናሎቹ ነው፤ የእሁዱ።»

«ጎሽ! ዛሬስ ሰው መሰልክ።»

ሚስቱ ከሞተች ወዲህ ግን እሁድ የፕሮፌሽናሎቹን ጨዋታ ከሚያሳየው ቴሌቪዥን ፊት አይነቃነቅም። ምን ያድርግ፣ ቤቱ ውስጥ ሌላ የሚናገር አልነበረም። «አምስት ያርድ አለፈ እኮ! የጥፋቱን ጨርቅ ጣል!» እያለ ከዳኞቹ ጋር ሲጨቃጨቅ ይውላል።

ያን ሐሙስ ከሰዓት፣ በጥሎ ማለፉ፣ የቮልማር ትምህርት ቤት ልጆች በሁለት ነጥብ እየመሩ ሠላሳ ሰከንድ ቀርቷቸዋል። ትምህርት ቤታቸው በመጪው ግንቦት ጭራሹን ስለሚዘጋ ከተሸነፉ የመጨረሻ ጨዋታቸው ነው። ኮልቢ የሚባለው ተከላካያቸው ፊት ለፊት የሚመጣበትን ተቀባይ ገፋው። ኳሱ የተወረወረው ከዚያ በኋላ ነው፤ እሱንም ኮልቢ ቀለበው። ሕዝቡ ሲጨፍር የዴልበርት ቢጫ ጨርቅ ሣሩ ላይ ወድቋል። ለዋናው ዳኛ «እጁን ያለ ሕግ ተጠቅሟል» አለው። ቮልማሮች አሥር ያርድ ተቀጡ፣ ኳሱ ለባላጋራዎቻቸው ተመለሰ፣ እነሱም ኳሱን በእግር መትተው ሦስት ነጥብ አገቡ። አለቀ።

እኔ በማዶው መስመር ስለነበርኩ አላየሁም። ልብስ ስንቀይር ጠየቅኩት።

«ስምንት ያርድ ላይ ነው የገፋው፤ ሦስት ያርድ አሳልፎ…» አለና የጫማውን ክር እንደያዘ ቀረ።

«አልፎት ነበር?»

«እየመጣበት ነበር።» ፊቱ አመድ መሰለ። «ክሊፍ፣ ምን አደረግኩ? በእሁዱ ሕግ ቀጣሁት!»

ያ ውጤት አይሻርም። ቢሆንም የቮልማሮች አሠልጣኝ ዘንድ ሄዶ ስህተቱን ነገረው።

«ለልጁ ራስህ ንገረው» አለ አሠልጣኙ። «እኔ ጓደኞቹ ፊት ስሰድበው ነው የቆየሁት።»

ኮልቢ አውቶቡሱ ደጃፍ ተቀምጦ ነበር። ዳኛ ሲመጣ ሲያይ፣ እንዳስተማሩት፣ ብድግ አለ።

«ይቅርታ ጌታዬ» አለ፤ «ሁለተኛ አይለምደኝም።»

ዴልበርት አላጠፋህም ሊለው ነበር የሄደው። የልጁን እጅ ይዞ አለቀሰ እንጂ አንድ ቃል አልወጣውም። አውቶቡሱ ተነሣ፤ ልጁ ጥፋቱን ተሸክሞ ሄደ። እኔም እዚያው አጠገባቸው ቆሜ ነበር፤ አልተናገርኩም።