በአርባዋ ቀን የደረሰኝ መርዶ

የእናቴን ሞት የሰማሁት አንሶላ እያጠፍኩ ነው። ፖላንድ ውስጥ በአንዲት ትንሽ ከተማ፣ አረጋውያን በሚጦሩበት ቤት እሠራለሁ። የምሳ ሰዓት ነበር፣ ልብስ ማጠቢያው ክፍል ውስጥ ብቻዬን ነበርኩ። ስልኬ ላይ የድምፅ መልእክት ገባ። ላኪዋ ሰርቦ ካለው ቤታችን ጋር አጥር የምንጋራ ጎረቤታችን ናት።

«እንዴት ነሽ እህቴ? አላህ ሶብሩን ይስጥሽ። ዛሬ የእማ አርባ ነበር። ሰዉ ሁሉ መጥቶ፣ ሰደቃዋ አምሮ ወጣ። አንቺን እያነሳን አለቀስን።»

ሦስት ጊዜ ሰማሁት። እሷ ላይ ጥፋት የለም፤ ካወቅሁ የቆየሁ መስሏታል። «ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን» አልኩ። ወዲያው በሩ ተከፈተና የሥራ ባልደረባዬ ቅርጫት ታቅፋ ገባች። እንደ ሁልጊዜው «ጾ ስዊሃች?» አለችኝ፤ «ምን ይሰማል?» ማለት ነው። እኔም «ፖ ስታሬሙ» አልኳት። «እንደ ድሮው።» ሳልንተባተብ፣ ትከሻዬን ነቅነቅ አድርጌ፣ ልክ እነሱ እንደሚሉት። ሁለት ዓመት የታገልኩት አነጋገር ያን ቀን ቀናኝ። «እኔም ያው ነኝ» ብላኝ ሄደች።

ይህን አነጋገር መጀመሪያ የተማርኩት ጅማ፣ ሄርማታ ሰፈር ነው። በወጣትነታቸው ፖላንድ የተማሩ አንድ ሽማግሌ የቡና መፈልፈያ ማሽን መለዋወጫ ይሸጡ ነበር። የፖላንዱ ሥራ ነገር እንደተቆረጠልኝ ቅዳሜ ቅዳሜ ሱቃቸው እየሄድኩ መማር ጀመርኩ። እናቴ ብቻዬን አትልከኝም፤ ከሰርቦ አብረን በሚኒባስ እንመጣና እሷ በሩ አጠገብ ጆንያ ላይ ትቀመጣለች።

«እዚያ አገር» አሉኝ መጀመሪያ ቀን፣ «ምን ይሰማል ሲሉሽ፣ ደህና ነኝ፣ በጣም ደህና ነኝ፣ ምስጋና ለአምላክ፣ እያልሽ እንዳታበዢው።»

«ለምን ጋሼ?»

«ይጠረጥሩሻላ! ሎተሪ ደርሶሽ የደበቅሻቸው ነው የሚመስላቸው። ‹ስታራ ቢየዳ› በይ። ያው የድሮው ችግር፣ ማለት ነው።»

እናቴ ከጆንያዋ ላይ ተንጠራራች። «አስተግፊሩላህ! ገና በሰላምታ ፈጣሪን መክሰስ? እርስዎ ልጄን ምን እያስተማሩብኝ ነው?»

«ክስ አይደለም እህቴ፣ ወዳጅነት ነው። ችግሩን ከነገረዎ ቤቱ አስገባዎ ማለት ነው።»

«እንግዲያው እኔ ደጅ ልቅር!»

ብሎን ሊገዛ የቆመው ገበሬ ሳይቀር ሳቀ። እሷ የወደደችላቸው አንድ አነጋገር ብቻ ነበር፤ «ያኮሽ ቶ ቤንጄ»፣ እንደምንም ይሆናል። «ይሄ እኮ ኢንሻአላህ ነው፤ አላህን ከውስጡ አውጥተውት ነው እንጂ» አለች። መመለሻው ሚኒባስ ሲዘገይ መናኸሪያው ላይ «ያኮሽ ቶ ቤንጄ» ትልና ቆየት ብላ፣ የጎደለውን እንደምትሞላ ሁሉ፣ «ኢንሻአላህ» ትጨምርበታለች።

እዚህ ስመጣ አንድ ዓመት ሙሉ ማማረሩን አፌ እምቢ አለኝ። ሲጠይቁኝ ደህና ነኝ እላለሁ፤ ወሬው እዚያው ላይ ያልቃል። ባልደረባዬ አንድ ቀን «አንቺ ሁልጊዜ ደህና ነሽ፤ ምንም አትነግሪንም» አለችኝ። ክረምት ላይ አውቶቡስ አምልጦኝ በበረዶ በእግሬ የመጣሁ ዕለት ግን «ስታራ ቢየዳ» ብያት ቁጭ አልኩ። ሻይ አፈላችልኝ። ስለ ጉልበቷ ሕመም፣ ስለማይደውልላት ልጇ አወራችኝ። ሽማግሌው እውነታቸውን ነበር። እኔ ግን ያን ዕለት ከሶላት በኋላ ጌታዬን ይቅርታ ለመንኩት።

ከእናቴ ጋር በስልክ የምናወራው ግን በእኛው ደንብ ነበር። ጁምዓ ጁምዓ እደውላለሁ። «አካም ጂርታ ኢንተላ ኮ?» ትለኛለች፤ እንዴት ነሽ ልጄ። ደህና ነኝ፣ አልሃምዱሊላህ እላለሁ። አንቺስ ስላት እሷም አልሃምዱሊላህ ትላለች። ስታስል እሰማለሁ፤ ጉንፋን ነው ትለኛለች። ድምፅዋ ከጁምዓ ጁምዓ ሲሳሳ እየሰማሁ አጥብቄ አልጠየቅኩም። እናት አልሃምዱሊላህ ካለች በኋላ ደግሞ መጠየቅ እኛ ዘንድ ነውር ነው።

ከዚያ አንድ ጁምዓ ስልኩን ታናሽ እህቴ አነሳችው። «እማ አሰንዳቦ አክስቴ ጋ ሄዳለች፤ እዚያ ኔትዎርክ የለም።» በሳምንቱ፣ «ተኝታለች፤ አልቀስቅሳት።»

«ደህና ናት?»

«አልሃምዱሊላህ።»

እንዲህ በየጁምዓው ሰበብ አላጣችም፤ ለካ እማ ከተቀበረች ሰንብታለች። በእኛ አገር መርዶ በስልክ አይነገርም። ሽማግሌዎች ገና ሳይነጋ በር አንኳኩተው፣ የሚይዝሽ ሰው አዘጋጅተው ነው የሚነግሩሽ። ውጭ አገር ላለ ሰው ደግሞ በዚያ ከተማ የሚኖር ያገር ልጅ ይፈለጋል። እኔ ባለሁበት ከተማ ማንም የለም። እህቴ ኋላ ላይ እያለቀሰች «ማን ይይዝሻል? ክፍልሽ ውስጥ ብቻሽን ወድቀሽ ብትቀሪስ?» አለችኝ። አርባ ቀን ሙሉ ሰው ሲፈልጉ ከርመው፣ በመጨረሻ በባቡር ግማሽ ቀን ከሚያስኬድ ከተማ አንድ ተማሪ አግኝተው ነበር። እሁድ ሊመጣ ቲኬት ቆርጦ ነበር። ጎረቤታችን ቀደመችው።

ልቆጣቸው አልቻልኩም። እኔም አድርጌዋለሁ። የጎረቤታችን ሴት ልጅ ዓረብ አገር ሳለች አባቷ ሲሞት፣ ስትደውል ለቅሶው ቤት ስልኩን ያነሳሁት እኔ ነበርኩ። «ቡና ለቀማ ላይ ነው፤ ሲመጣ እነግረዋለሁ» አልኳት። ስልኩን ስዘጋ ሴቶቹ ጎበዝ አሉኝ። በአንደበቴ እጠነቀቃለሁ የምል ሰው፣ ያንን እንደ ውሸት አልቆጠርኩትም ነበር።

ያቃጠለኝ ሌላ ነገር ነው። በዚያ አርባ ቀን ከእያንዳንዱ ሶላት በኋላ «ያ ረቢ፣ ጤናዋን መልስላት» እያልኩ ዱዓ አደርግ ነበር። እሷ አፈር ውስጥ ሆና ምሕረት የሚለምንላት ልጅ ስትፈልግ፣ እኔ ሳሏ እንዲለቃት እለምናለሁ። ጅማ ላሉ አንድ ሼኽ ደውዬ ጠየቅኳቸው። «አላህ የላክሽውን የት እንደሚያደርስ ያውቃል» አሉኝ። አምናለሁ። እንቅልፍ ግን አልመለሰልኝም።

ባልደረባዬ የሰማችው በሦስተኛው ቀን ነው፤ ፈቃድ ስጠይቅ። «እና እንደ ድሮው ያልሽኝ?» አለች፤ ፊቷ ቀላ።  ቀጥላ «ትሺማይ ሺየ» አለችኝ፤ ራስሽን ያዢ ማለት ነው። እዚህ ሲሰነባበቱም፣ ሲያጽናኑም የሚሉት ይህንኑ ነው።

እህቴን ስለ መጨረሻዋ ሰዓት ስጠይቃት «በሰላም ሄደች፤ አልሃምዱሊላህ» ትልና ወሬ ትቀይራለች። አክስቴም እንዲሁ። ስለዚህ እናንተ እዚያ ክፍል ውስጥ የነበራችሁ፣ ውሃ በጥጥ ያጠጣችኋት፣ ሸሃዳ በጆሮዋ ያላችሁ፣ ገላዋን ያጠባችሁ፣ እለምናችኋለሁ። ስሜን ጠርታ እንደሆነ ንገሩኝ። ጠርታኝ ከነበረ ምን ብላችሁ መለሳችሁላት? መንገድ ላይ ናት፣ እየመጣች ነው ብላችኋት ከሆነ፣ እሱንም ንገሩኝ። አመነቻችሁ? በሯን ታይ ነበር? ጣሯ ከብዶባት ከነበረ ደብቃችሁ አታቅልሉልኝ። ሰው እስኪመጣልኝ አትጠብቁ፤ በስልክም ይሁን፣ በድምፅ መልእክትም ይሁን፣ እኔ ተቀምጬ እሰማለሁ። ለእኔ ፈርታችሁ የያዛችሁት ነገር ካለ፣ ከእሱ ጀምሩ።