ከአንቀልባው የተፈቱ ዛጎሎች

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህም መርሳ ውስጥ ባለ አንድ መዋለ ሕፃናት ጠዋት ጠዋት እረዳለሁ። ባለፈው ዓመት ልጆቹን በዛጎል ሥዕል ላሠራቸው አሰብኩ። ካርቶንና ኮላ ከእኛ፣ ዛጎል ከየቤታቸው። ባሕር የለንም እንጂ ዛጎልስ ከአሮጌ አንቀልባና ከአገልግል ላይ አይጠፋም።

«ባሕር ከሐራ ባቡር ጣቢያ ይርቃል?» አለኝ አንዱ።

«ይርቃል።»

«በባቡር ቢሆንስ?»

«መጀመሪያ ባቡሩ ይምጣ» አልኩት።

የባሌ እህት የልጅ ልጅ፣ የአምስት ዓመት ልጅ ናት፣ በፌስታል ስምንት ዛጎልና አንድ ነጭ የሸሚዝ ቁልፍ ይዛ መጣች። ሳቁባት።

«ይቺ ዛጎል አይደለችም፤ ከአባትሽ ሸሚዝ ሰርቀሽ ነው» አለቻት አጠገቧ ያለችው።

«አያቴ ሳጥን ውስጥ አብራ ነው የነበረችው» አለች፣ ሳትናደድ።

ቁልፏን አውቃታለሁ። እናቴ የልጄን አንቀልባ ስታስጌጥ አንድ ዛጎል ጎደላት፤ ከአባቴ አሮጌ ሸሚዝ ቆርጣ በጎደለው ቦታ በሰማያዊ ክር ሰፋቻት። ክሩ አሁንም ከቀዳዳዎቹ አልወጣም።

ልጄ በአንድ ዓመት ከመንፈቋ በኩፍኝ ሞተች። ከቀብር ስንመለስ የባሌ እህት አንቀልባውን ከግድግዳ አወረደችው። «እያየሽው ትብሰከሰኪያለሽ፤ እኔ ላስቀምጥልሽ» አለችኝ። በየዓመቱ ስጠይቃት «አለ፣ የት ይሄዳል» ትለኝ ነበር። በጦርነቱ ቤቷ ሲዘረፍ «ወላሂ፣ እሱንም ወስደውታል» አለች። መሐላዋን አመንኩ። የአንቀልባው ድምፅ ግን አልተወኝም። ጀርባዬ ባዶ ሆኖ፣ ዳገት ስወጣ ዛጎሉ ከኋላዬ ሲንቋቋ እሰማለሁ። ዘወር ብዬ ማየት የተውኩት በቅርቡ ነው።

ልጅቷ ዶሮ ሠራች። ቁልፏን ዓይን አደረገቻት። እጇን ይዤ ኮላውን ያስቀባኋት እኔ ነኝ። ዕድሜዬን ሙሉ የሕፃናት እጅ ስይዝ ኖሬ እንደዚያ ቀን ፈርቼ አላውቅም።

እኩለ ቀን ላይ አያቷ ልትወስዳት መጣች። ካርቶኑን አሳየኋት።

«ሌቦቹ መለሱት» አልኳት።

ዶሮዋን ብዙ አየቻት። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «ልጄን ስወልድ ማዘያ አልነበረኝም፤ በሱ አዘልኩት» አለች። «የሞተ ልጅ አንቀልባ ሌላ ልጅ አይታዘልበትም፤ አንቺም ታውቂያለሽ። ከሰማሽ ልጄን ትረግሚብኛለሽ ብዬ ፈራሁ።»

«ቆዳውስ?»

«አይጥ በላው።»

ያ ልጇ አድጎ ይህቺን ወልዷል። እኔ ሌላ አልወለድኩም።

አልረገምኳትም። ይቅርም አላልኳት። ካርቶኑን በሻርፔ ጠቅልዬ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት። ልጅቷ አለቀሰች። «የኔ ናት» አለች። እውነቷን ነው፤ የሠራቻት እሷ ናት። ግን አልሰጠኋትም። አያቷም «ተይው፣ ሌላ ትሠሪያለሽ» ብላ እጇን ጎትታ ወሰደቻት።

ካርቶኑ አሁን መኝታ ቤቴ ግድግዳ ላይ ነው። ልጅቷ አላኮረፈችም። ጠዋት በር ላይ ትጠብቀኛለች።

«ዶሮዬ እንቁላል ጣለች?»

«አልጣለችም።»

«ታዲያ አንቱ ቤት ምን ትሠራለች?»

ቦርሳዋን ተቀብያት ወደ ክፍል አስገባታለሁ።