ሁለት ጎሚኒ

ባለቤቴ ግማሽ አካሉ ከነምላሱ ከታሰረ አራተኛ ወሩን ይዞ ነበር። ዘመሮ ከተማ፣ ግቢያችን ውስጥ ያለውን የናፍጣ ወፍጮ ጠባይ የሚያውቀው እሱ ብቻ ነው። እኔ እህል ተቀብሎ ዱቄት ማስረከብ እንጂ ሞተሩን ነክቼ አላውቅም። ዘይቱ ጠቁሮ እንደ ሬንጅ ሲሆን የሚቀይርልኝ ሰው አጣሁ። ሞላሌ ከተማ ያለው መካኒክ "ሰኞ እመጣለሁ" እያለ ሁለት ሰኞ አለፈ።

ማክሰኞ ጠዋት ራሴ ጀመርኩት። አሮጌውን ዘይት ሳፋ ላይ አፈሰስኩ። የዘይት ማጣሪያው፣ ፊልትሮው፣ ግን አልፈታም አለ። በጨርቅ ይዤ ባጠመዝዘው እጄ አንሸራተተኝ። ባሌ ሲያደርግ እንዳየሁት ካቻቢቴ በመዶሻ ሰካሁበትና እንደ እጀታ ይዤ ታገልኩት። ቆርቆሮው ተተረተረ እንጂ ንቅንቅ አላለም። እዚያው ዱቄት የለበሰው መሬት ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ። ከዚያ ተነስቼ ካቻቢቴውን ጠርዙ ላይ እያስደገፍኩ በመዶሻ ስደበድበው፣ በስንት መከራ ዞረ። አዲሱን አሰርኩ፤ ያለኝን ዘይት ሁሉ ሞልቼ ሞተሩን አስነሳሁ።

ደቂቃ አልቆየም። ከፊልትሮው ሥር ዘይቱ ተፈናጥሮ ግድግዳውንም ቀሚሴንም አለበሰው። ዘልዬ አጠፋሁት። ገብሳቸውን በአህያ ጭነው የመጡ አንዲት አሮጊት በሩ ላይ ቆመዋል።

"ምን ሆነ ልጄ?" አሉኝ።

"ገደልኩት መሰለኝ እማማ። ሌላ ወፍጮ ቤት ይሂዱ።"

የተቀደደውን ፊልትሮ እንደያዝኩ ወደ ባሌ ገባሁ። ሞተሩ ሲጠፋ ሰምቷል፤ ዓይኑ በሩ ላይ ነው።

"ምን አጠፋሁ? ንገረኝ እንጂ!" ብዬ ጮህኩበት። መናገር እንደማይችል እያወቅኩ።

በጤነኛው እጁ ፊልትሮውን ነካ አደረገ። ዘይት እንዳያፈስ የሚያሽገው የጎማ ቀለበት፣ ጎሚኒው፣ የሚቀመጥበትን ክብ ቦይ በጣቱ ዞረው፤ ባዶ ነበር። ከዚያ ሁለት ጣቱን አነሳ።

"ሁለት? ሁለት ምን?"

ደጋግሞ አነሳልኝ። አልገባኝ ሲል እንባው ወረደ። ያኔ ድንገት ገባኝ፤ አሮጌው ጎሚኒ ሞተሩ ላይ ተጣብቆ ቀርቷል፤ አዲሱን በላዩ ደርቤበታለሁ።

ተመልሼ ፊልትሮውን ፈታሁ። ደርቆ የተለጠፈውን ጎሚኒ በጥፍሬ ዳስሼ አገኘሁት፤ በቢላዋ ፍቄ አወጣሁት። የምሞላው ዘይት ግን አልነበረኝም። ወደ መሐል ሜዳ ከተማ ለሚሄድ የሚኒባስ ሹፌር ጀሪካን ሰጥቼ ላክሁ። ሁለት ቀን አልተመለሰም። ሞተሩ ያለ ዘይት ዞሮ ውስጡ ተበልቶ ይሆናል ብዬ ሰጋሁ። የባሌን ዓይን ማየት ፈራሁ።

ዘይቱ ዓርብ መጣ። አዲሱን ጎሚኒ ዘይት ቀብቼ ፊልትሮውን በእጄ አጠበቅሁት፤ ሞላሁና አስነሳሁት። ጠብታ አልወጣም። ነገር ግን ከውስጡ በፊት ያልነበረ፣ ቀጭን ኳ ኳ የሚል ድምፅ ይሰማል።

ሞተሩን እንደተነሳ ትቼ ወደ ባሌ ሮጥኩ።

"ይሠራል አይደል? ይሰማሃል?" አልኩት።

ጆሮውን ወደ ግድግዳው አስጠግቶ ብዙ አዳመጠ። ከዚያ ዓይኑን ጨፈነ። ኳኳታውን እሱም ሰምቶታል፤ አዎ ብሎ ራሱን አልነቀነቀልኝም። እጁን ጨበጥ አድርጌ፣ እስኪቆም ልፍጭበት ብዬ ደጅ የተሰለፈውን እህል ለመፍጨት ወጣሁ።