የሁላችንም የተባለው ቁራሽ መሬት

ማዕዶት ሀብቶም ካርታ ሠሪ ናት። የሰፈሯ ሰው ይህን የሰማ ጊዜ ትዝ ያለው ትምህርት ቤት ግድግዳ ላይ የሚሰቀለው፣ ውቅያኖሱ ሰማያዊ የሆነው ካርታ ነበር። እሷ የምትሠራው ግን የሰው ግቢ ነው፤ የማን አጥር ከየት ተነሥቶ የት እንደሚያልቅ የሚያሳየውን። መገናኛ አካባቢ አንድ ፎቅ ላይ በተከራየ አነስተኛ የግል ድርጅት ውስጥ ስትሠራ ብዙ ዓመት ሆኗታል። ቤቷ አያት ኮንዶሚኒየም ነው። ተወልዳ ያደገችው ግን ከእንጦጦ ኪዳነ ምሕረት ዝቅ ብሎ፣ ባሕር ዛፉ መሐል ተበታትኖ በተሠራው ሰፈር ሲሆን አባቷ አቶ ሀብቶም ዛሬም እዚያው ናቸው።

ሥራው በእጅ ይሠራ በነበረ ጊዜ አሰልቺ ነበር፤ እሱን መካድ አይቻልም። አንድ ሰፈር በብዙ ሉህ ይከፋፈላል። ማዕዶት አንዱን ሉህ ትከፍታለች፣ ቦታውን መሐል ላይ ታመጣለች፣ ርእሱን ትጽፋለች፣ ሰሜንን የምታሳየውን ቀስት ጥግ ላይ ታስቀምጣለች፣ የይዞታ ቁጥሮቹ እንዳይደራረቡ አንድ በአንድ ትገፋፋለች፤ ከዚያ ፕሎተር ወደሚሉት፣ ጥቅል ወረቀት ጎርሶ ትልልቅ ካርታ ወደሚተፋው ማተሚያ ትልካለች። ከዚያ ቀጣዩን ሉህ፣ ከዚያ ደግሞ ሌላውን። ማታ ዓይኗን ስትጨፍን እንኳ አጥር ይታያት ነበር።

ስለዚህ ስክሪፕት የሚሉትን፣ ኮምፒውተር ተራ በተራ የሚፈጽመውን ትእዛዝ መጻፍ ተማረች። ማንም አላስተማራትም፤ ባቡር ላይ ቆማ ስልኳ ላይ እያየች፣ ቢሮ ስትገባ እየሞከረች፣ እየተሳሳተች ነው የለመደችው። ኮምፒውተሩ ራሱ ሉሁን እንዲከፍት፣ ራሱ ርእስ እንዲሰጥ፣ ራሱ ቁጥሩን እንዲደረድርና ራሱ እንዲያትም አደረገችው። መጀመሪያ የሠራ ዕለት ፕሎተሩ አንዱን ሉህ ጨርሶ ያለማንም እጅ ሌላውን ሲጀምር፣ አለቃዋ በርናባስ ወንበር ስቦ አጠገቡ ተቀመጠና እንደ ኳስ ጨዋታ ተመለከተው።

«በቃ፣ እኛ ከእንግዲህ ቡና መጠጣት ነው ሥራችን» አላት።

የቸኮለች አፍሳ ለቀመች የሚለውን ተረት ማዕዶትም ታውቀዋለች። ግን የቸኮለው ማሽኑ እንጂ እኔ አይደለሁም ብላ ታስብ ነበር።

አንድ የቀረ ጣጣ ነበር። ለኪዎች ሁለት ጎረቤታሞችን ለየብቻ ሲለኩ በመሐላቸው ቀጭን ክፍተት ይቀራል፤ መሬት ላይ የሌለ፣ ኮምፒውተር ውስጥ ብቻ የሚታይ ስንጥር። ድሮ ማዕዶት እንዲህ ያለ ነገር ስታገኝ ለለኪዎቹ ትደውላለች፤ «ይቺ ጥግ ምንድን ናት?» ብላ ታስቸግራቸዋለች። አሁን ግን ለስክሪፕቱ አንድ ትእዛዝ ጻፈችለት፦ ቁራሹ ትንሽ ከሆነና የባለቤት ስም ከሌለው፣ ረጅም አጥር ከሚጋራው ጎረቤት ጋር ቀላቅለው። አያት ላይ ሞከረችው፣ ካራ ላይ ሞከረችው። እዚያ ግቢው ሁሉ በማስመሪያ የተሰመረ ነውና እንከን አልወጣለትም። እንጦጦ ላይ ግን አጥሩ የተሰመረው በማስመሪያ ሳይሆን በሰው ቃል ነው፤ ይህን ደግሞ ከእሷ በላይ ማን ሊያውቀው?

እዚያ ሰፈር የዕድር ቤት አለ፤ ነበረ ማለት ይሻላል። እትዬ ሙሉጌጥ የሚባሉ ባልቴት ከግቢያቸው ጥግ ቆርሰው የሰጡት ነው። ወረቀት የሚባል ነገር አልነበረም። «እኔንም የምትቀብሩኝ እናንተ ናችሁ፤ ከቀባሪ ምን ይሰሰታል?» አሉና በሽማግሌ ፊት ሰጡ። ዕድርተኛው ጭቃ አቡክቶ፣ ቆርቆሮ አልብሶ ቤት ሠራበት። ድንኳኑም አግዳሚውም ትልልቁ ብረት ድስትም እዚያ ይቀመጣል፤ ሰው ሲሞት ከዚያ ይወጣል፣ ልቅሶው ሲያበቃ ታጥቦ ተመልሶ ይገባል። እትዬ ሙሉጌጥ ራሳቸው ያረፉ ቀን ድንኳናቸው የወጣው ከዚያው ጥግ ነው። ግቢያቸው ለልጃቸው ለአካሉ ቀረ። አካሉ ግን ኑሮው ካራ ስለሆነ ቤቱን አከራይቶ፣ ለፋሲካ ብቅ ከማለት በቀር ሰፈሩን ረስቶት ነበር።

ለኪዎቹ ወደዚያ ሰፈር በወጡ ጊዜ የዕድሩን ቤትም ለኩት። በደንብ ለኩት፤ እነሱ አይታሙም። «ባለቤቱ ማን ይባላል?» ብለው ሲጠይቁ የዕድሩ ዳኛ ጋሽ ዘርትሁን «የሁላችንም ነው» አሉ። የቆመው ሰው ሁሉ ራሱን ነቀነቀ። «አንድ ስም ስጡን እንጂ» ቢባሉ ስሙን የሚያስይዝ ጠፋ። ጋሽ ዘርትሁንማ እንዴት ይደፍራሉ? በስማቸው ቢያስይዙት በማግስቱ «ዳኛው የዕድሩን ቤት ወረሱት» መባል ሊመጣ ነው። ሌላውም ያንኑ ሐሜት ፈርቶ ወደኋላ አለ። መዝጋቢው የሁላችንም የሚባል ሰው ስለማያውቅ የስሙን ቦታ ባዶ ትቶ አለፈ።

ከዚያ የማዕዶት ስክሪፕት ተራ ደረሰ። ቁራሹ ትንሽ ነው፣ ስም የለውም። ረጅሙን አጥር የሚጋራው ደግሞ የእትዬ ሙሉጌጥ ግቢ ነው፤ የሰጡት እሳቸው ናቸውና ሌላ ከማን ጋር ሊዋሰን ይችላል? እናትየው በአፋቸው የሰጡትን ስክሪፕቱ ለልጃቸው መለሰለት።

ማዕዶት ያቺን ሉህ አይታታለች። እዚህ ላይ ዝም ብዬ ባልፍ ደስ ባለኝ፤ ግን የታሪኩ እምብርት ይኸው ነው። ሉሁ ከፕሎተሩ ሲወጣ የሰፈሯ መሆኑን ርእሱ ላይ አነበበችና ሌሎቹን ትታ እሱን አነሣችው። ቀለሙ እንዳይነካካ በጥንቃቄ ዘረጋችው። የአባቷን ግቢ ፈለገች፤ አገኘችው። አጥሩ ልክ ነው፣ ስማቸው ልክ ነው፣ ቁጥሩ ልክ ነው። ፈገግ አለችና ጠቅልላ ከሌሎቹ ጋር አቆመችው። ዓይኗን ከአባቷ አጥር ትንሽ ከፍ ብታደርግ ልጅ ሆና የተላላከችበት የዕድሩ ጥግ ጠፍቶ ታየው ነበር። ከፍ አላደረገችም።

ካርታዎቹ ወረዳው ግቢ ውስጥ ሕዝብ እንዲያያቸው ተለጠፉ። ቅር ያለው ሰው ቀኑ ሳያልፍ እንዲያመለክት ተነገረ። ከሌላ ሰፈር ሰው እየጎረፈ «አጥሬ ተገፋ»፣ «ስሜ ተሳሳተ» እያለ ተከራከረ። ከዕድርተኛው ግን አንድ ሰው አልሄደም። የሚሄድ ጠፍቶም አይደለም፤ ጋሽ ዘርትሁን መክረው አስቀሩት።

«የሠራችው ማዕዶት ናት። ልጃችን በሠራችው ላይ መነጽር ሰክተን ስንፈልግ ብንታይ ሀብቶም ምን ይሰማዋል?» አሉ። አቶ ሀብቶምም እዚያው ተቀምጠው ነበር፤ በልጃቸው ኮርተው አንገታቸውን ደፉ።

የማመልከቻው ጊዜ አለፈ። አካሉ የይዞታ ማረጋገጫውን ወሰደና ብዙም ሳይቆይ ግቢውን ሸጠው። ክረምት ላይ ከዕድርተኛው አንዲት ሴት አረፉ። ሰዎች ድንኳን ሊያወጡ ሲሄዱ በሩ ላይ የማያውቁት ቁልፍ ተንጠልጥሏል። ገዢው ክፉ ሰው አልነበረም፤ ከፍቶ ዕቃቸውን እንዲያወጡ ፈቀደላቸው። ቤቱን ግን «ካርታዬ ውስጥ ነው» አለ። ሟቿ በተቀበሩ ማግስት ጋሽ ዘርትሁን ለማዕዶት ደወሉ።

«ልጄ፣ የወረዳ ሰዎች የሆነ ነገር ተሳስተው ይሆናል» አሏት። «አንቺ ታውቂዋለሽና እስቲ እዪልን።»

አየች። ለኪዎቹ ያመጡትን ከታተመው ጋር ደርባ ስታየው ቤቱ አንዱ ላይ አለ፣ ሌላው ላይ የለም። ማን እንዳጠፋው ለማወቅ ሩቅ መሄድ አላስፈለጋትም፤ ትእዛዙን የጻፈችው ራሷ ናት። ተነሥታ ለበርናባስ ነገረችው።

በርናባስ ነገሩን ሰምቶ አዘነ፤ ግን «ጊዜው ካለፈ በኋላ እኛ መንካት አንችልም፤ ፍርድ ቤት ይሂዱ» ከማለት ሌላ ያለው የለም። ማዕዶት ለአካሉ ደወለች። እናቱ በሽማግሌ ፊት የሰጡትን አስታወሰችው።

«እኔ ካርታው ያለውን ነው የሸጥኩት» አላት። «ካርታውን ደግሞ የሠራሽው አንቺ ነሽ። ስሕተት ከነበረው እነሱስ ለምን መጥተው አልተቃወሙም?»

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይሏል ይህ ነው።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ወደ ሰፈሯ ወጣች። ዕድርተኛው አሁን የሚሰበሰበው በአባቷ ግቢ ነው፤ ድንኳኑና አግዳሚው ላስቲክ ለብሶ አጥሩ ሥር ተከምሯል። ሰው ሁሉ በተቀመጠበት ተነሥታ እንዴት እንደሆነ ነገረቻቸው። ጋሽ ዘርትሁን ሳትጨርስ አቋረጧት።

«ተይ ልጄ፣ አንቺ ምን አደረግሽ? ማሽኑ ነው የበላን።»

«ማሽኑ እኔ ያልኩትን ነው ያደረገው ጋሼ» አለች። «ደግሞም ወረቀቱን አይቼው ነበር፤ እጄ ላይ ይዤው ነበር። የአባቴን ግቢ ብቻ ፈልጌ አገኘሁና ጠቀለልኩት።»

ጋሽ ዘርትሁን ከዘራቸውን ከአንዱ እጃቸው ወደ ሌላው አዛወሩ። አንዲት ሴት «እኛም አላየነው፤ አንቺን አምነን» አሉ፤ ሊያጽናኗት ነበር፣ ግን የባሰ አቆሰሏት። አቶ ሀብቶም መሬት መሬት እያዩ ቀሩ። ያን ቀን ሲሸኟት እንደ ወትሯቸው እስከ አስፋልቱ አልወረዱም፤ ከበራቸው ላይ ተሰናበቷት። ማዕዶት ቁልቁለቱን ብቻዋን ወርዳ ታክሲ ውስጥ ስትገባ እንባዋ መጣ።

ከዚያ ወዲህ ስክሪፕቱን አርማዋለች። አሁን ስም የሌለው ቁራሽ ሲያገኝ አይቀላቅልም፤ ቆሞ ይጠይቃታል። እሷም እንደ ድሮው ትደውላለች፣ ሲቻላትም ራሷ ትሄዳለች። በርናባስ ሥራ ዘገየ ብሎ ያጉረመርማል። የተሸጠው ቦታ ላይ ግን ገዢው ጭቃ ቤቱን አፍርሶ ግንብ ጀምሯል።

በዓመቱ ለአዲስ መንገድ ሲባል የዚያው ሰፈር ካርታ እንደገና ተሠርቶ ተለጠፈ። ማዕዶት ግድግዳው አጠገብ ቆማ ሰው ስትረዳ ዕድርተኛው በሙሉ ተያይዞ መጣ። ጋሽ ዘርትሁን ሰላም አሏት፣ ጤናዋን ጠየቁ፣ መርቀዋት ወደ ወረቀቱ ዞሩ። በርቀት የሚያያቸው ሰው እንደ ድሮው ናቸው ይላል። አቶ ሀብቶም ከኋላ መጡ። መነጽራቸውን ከኪሳቸው አውጥተው በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉና አጠለቁ፤ ጎንበስ ብለው የገዛ ግቢያቸውን ፈለጉ። አጥራቸውን ከበሩ ጀምረው በጣታቸው ቀስ ብለው ይከተሉት ጀመር።

«አባዬ፣ እሱን እኔ አይቼዋለሁ» አለቻቸው።

«አውቃለሁ ልጄ» አሉ አቶ ሀብቶም፣ ጣታቸውን ከወረቀቱ ሳያነሡ።