ሃሩኮ የዳሰሱት የድንጋይ በሬ

ይህ ከሆነ ጥቂት ዓመታት አልፈዋል። ሃሩኮን ሳስብ ግን ከሁሉም ቀድሞ የሚመጣብኝ ያ ቀን ነው።

ሃሩኮ ሲልቨር ስፕሪንግ በሆም ኬር ሥራዬ የምንከባከባቸው ጃፓናዊት ባልቴት ነበሩ። ጉልበታቸው ከድቷቸው በከዘራ ነው የሚሄዱት። አንድ ቀን፣ አገሬን ሳላይ አልሞትም አሉ። ልጃቸው ከሥራ መቅረት ስላልቻለች የእኔንም ቲኬት ቆርጣልኝ አብሬያቸው ሄድኩ። ልቤ ግን ከሲልቨር ስፕሪንግ ብዙም በማይርቀው አሌክሳንድሪያ፣ ከእናቴ ጋር የምንኖርበት ቤት ነበር፤ እናቴ የዓይን ኦፕራሲዮን ቀጠሮ ይዛ ትጠብቀኛለች።

የሃሩኮ ትውልድ ከተማ ውስጥ ሕመምተኛ የሚማጸንበት የጃፓኖች የጥንት እምነት የሆነው የሺንቶ ቤተ መቅደስ አለ። መግቢያው ላይ ሰዉ ውሃ በጭልፋ እየቀዳ እጁን ይታጠባል፣ አፉን ይጉመጠመጣል። አንዲት እናት ፊቷ የገረጣ ልጇን ታቅፋ ተራ ትጠብቃለች። ውሃው እጄን ሲነካኝ፣ በልጅነቴ እናቴ በጠዋት ቀስቅሳ ጠበል ትወስደኝ የነበረው ትዝ አለኝ። ብርዱን ፈርቼ ሳለቅስ "አይዞሽ፣ አለቀ" ትለኝ ነበር፤ ገና ሳይጀመር።

ግቢው ውስጥ የተኛ የድንጋይ በሬ አለ። ሰው የሚያመውን ቦታ በሬው ላይ እየዳሰሰ ይጸልያል። እምነቴ ስላልሆነ ራቅ ብዬ ልቆም ፈልጌ ነበር፤ ሃሩኮ ግን ክንዴን አልለቀቁም። ተጠግተው የበሬውን ዓይን ዳሰሱ። የተሳሳቱ መስሎኝ እጃቸውን ቀስ ብዬ ወደ ጉልበቱ መራሁት። መልሰው ዓይኑ ላይ አደረጉት።

"ዓይኗን የሚያማት እናትሽ አይደለች?" አሉኝ።

ጸሎታቸውን እስኪጨርሱ እንባዬን እንዳያዩብኝ አቀርቅሬ ቆምኩ።

ስመለስ ለእናቴ ለመንገር ፈራሁ፤ በሃይማኖቷ ቀልድ አታውቅም። ስነግራት ግን፣ "ለእሳቸውስ ማን ጸለየላቸው?" አለችኝ።

እሑድ ከቅዳሴ ስንወጣ ጠበል በኮዳ ይዛ፣ ውሰጂኝ አለች። ሃሩኮ ቤት ገብታ፣ ቋንቋ ሳይግባቡ፣ በስመ አብ ብላ ጉልበታቸውን አሸችላቸው። ሃሩኮ ዓይናቸውን ጨፍነው ተቀመጡ፤ ስትጨርስ እጇን ይዘው ብዙ ቆዩ።

ኦፕራሲዮኑ ደህና ሆነ፤ እናቴ ዳዊቷን አሁንም ራሷ ታነባለች። የሃሩኮ ጉልበት ግን አልተሻለም፤ እሳቸውም አምና ዐረፉ። የማን ጸሎት ሠራ፣ የማን ቀረ ብዬ ጠይቄ አላውቅም። እናቴ ጠዋት ጠዋት የሞቱ ዘመዶቻችንን እየጠራች ስትጸልይ እሳቸው ጋ ስትደርስ ስማቸውን አፏ አልይዝ ብሎ፣ "ሐረጓን" ትላለች። አላርማትም። ከሌላው ክፍል ሆኜ እሰማታለሁ።