የወዳጆ አባት ማን ነው?

የመንዝ ሞላሌው ትዕዛዙ በግ ሲሸጥም ሰው ሲቆጣም ድምፁ አንድ ነው፤ ጩኸት። ዘንድሮ ግን ያስጮኸው የአያቱ የወዳጆ አባት ስም ነበር። ልጁ እስከዳር የራቤሉን በዕውቀቱን ወደደች፤ ሽማግሌ ተላከ፤ «እሺ» ለማለት ዘር መቁጠር ብቻ ቀረ። እስከ ሰባት ቤት ዝምድና ካለ ጋብቻ የለማ! ትዕዛዙ «ተክለጻድቅ፣ ወዳጆ» ይልና እዚያው ላይ ቀጥ ይላል። ወዳጆ በክፉ ቀን ከግሼ ወደ መንዝ ተሻገረ ከመባሉ በቀር የማን ልጅ እንደሆነ የሚያውቅ ጠፋ።

ግሼ፣ ራቤል ድረስ ሄዶ ደብር ለደብር ዞረ። አንድ ቦታ መሪጌታው ያረጀ የክርስትና መዝገብ አወጡለት። ቢያገላብጥ ወልደማርያም፣ ወልደሐና፣ ደግሞ ወልደማርያም።

«ወዳጆ የሚል የለም?» አላቸው።

«ልጄ፣ ወዳጆ የዓለም ስሙ ነው። እዚህ የሚጻፈው የክርስትና ስም ነው። ክርስትናው ማን ነበር?»

«እሱን ባውቅ እርስዎ ዘንድ ምን አመጣኝ!» ሊል ቃጣውና ዋጠው። መንገዱን ሙሉ ግን ብቻውን ሲነጫነጭ መጣ። ኤዲያ! ያገሩ ሰው ሁሉ ወልደማርያም ነው እንዴ?

ቤት ሲገባ ሚስቱ ጌታነሽ ሳቀችበት። «አንተም ጉደኛ ነህ! የሞተ ሰው ተነሥቶ አይመሰክርብህም። የመጣልህን ስም ጥራና ልጄን ዳርልኝ!»

የቆጠራው ቀን ደረሰ። ትዕዛዙ ሽማግሌዎቹ ፊት ቆሞ «ተክለጻድቅ፣ ወዳጆ...» አለና አፉ ላይ የቀረውን ስም ጣል አደረገ፤ «...ወልደሐና!»

የበዕውቀቱ አጎት ብድግ አሉ። «የግሼው ወልደሐና? የእኛ ቅድመ አያት እኮ ነው! አንድ ልጁ መንዝ ተሻግሮ እንደወጣ ቀረ፤ ስሙ እንኳ ጠፍቶብን ነበር። ለካ ወዳጆ ኖሯል! ወንድሜ!» እያለቀሱ አንገቱ ላይ ተጠመጠሙ።

«ኧረ አይደለም!» ጮኸ ትዕዛዙ። «ስሙን ከራሴ ነው ያመጣሁት! ዋሽቼ ነው!» ጌታነሽ ነጠላዋን አፏ ላይ ያዘች። እሱ እፍረቱን ረስቶ የሚያየው እስከዳርን ብቻ ነበር፤ በሩ ላይ ቆማለች።

አጎትየው ለቀቁት። «መልካም። ታዲያ የወዳጆ አባት ማን ነው?»



«አባዬ፣ ንገራቸው እንጂ!» አለች እስከዳር።

«እንጃ ልጄ» አለ፤ ድምፁ አልወጣ ብሎት። «እንጃ።»

«በእንጃ ደግሞ እኅትና ወንድም አናጋባም» አሉ አጎትየው፤ ጋቢያቸውን አንሥተው ወጡ።