ከሪሞት መኪና የወጣችው አውሮፕላን

ትናንት አቃቂ በሰቃ አንድ ጫማ ሰፊ ዘንድ ተቀምጬ የጫማዬን ሶል ሳስለጥፍ፣ ሰውየው የማስቲሹን ቆርቆሮ ሲከፍተው ሽታው ቢመታኝ ሳላስበው ሳቄ አመለጠኝ። «ምነው፣ ጫማው አሳቀህ?» አለኝ ቀና ብሎ። የማስቲሽ ሽታ ለእኔ የአውሮፕላን ሽታ ነው፤ ግን ይሄንን ለጫማ ሰፊ ከየት ጀምረው ያስረዱታል!

አሥራ አንድ ዓመቴ ነበር፤ እህቴ ሰናይት ደግሞ አሥራ አምስት። አባታችን የጂቡቲ መስመር የከባድ መኪና ሹፌር ስለነበር ቤት የሚውለው ከስንት አንዴ ነው፤ አንዱን ጊዜ ሲመጣ ቀይ የሪሞት መኪና ይዞልኝ መጣ። ሰናይት መኪናዋን ገና ስታያት «ይቺ ሞተር እኮ መሬት ለመሬት ነው የምትባክነው» አለች፤ ሳምንት ሙሉ ስትጨቀጭቀኝ ከርማ፣ ሞኙ እኔ እሺ አልኩ። በእናታችን የስፌት መኪና ካቻቢቴ ፈታታናት። ለክንፍ ከቴሌቪዥን ካርቶን የወጣ ነጭ ፎም፣ ለፊት ማራገቢያዋ የፕላስቲክ ጠርሙስ፣ ሽቦ ለመበየድ ከሰል ላይ የጋለ ሚስማርና ከተበላሸ ሬዲዮ የለቀምነው እርሳስ፤ መሣሪያችን ይኸው ነበር።

ማጣበቂያ ከተባለ እኛ ሰፈር ከማስቲሽ በላይ ማን አለ? ክንፉን ግጥም አድርገን ቀባነው። ፎሙ ዓይናችን እያየ እንደ ቅቤ ሟሟ፤ ሰናይት «ኧረ ጉድ፣ በላው!» ብላ ጮኸች። ከፎም ጋር የሚስማማው የአናጺ ኮላ መሆኑን እስክንደርስበት ሁለት ክንፍ ገበርን።

ክብደቷን የምንለካው ጎረቤታችን እትዬ ብርቄ ሱቅ ነው። መጀመሪያ «ምስር በምመዝንበት ሚዛን ላይ ባትሪ? ወግዱ ከፊቴ!» ብለው አባረሩን፤ በሳምንቱ ግን ከበራቸው ስናልፍ እየጠሩ «ዛሬስ ስንት ቀነሰች?» ይሉን ጀመር።

እኔን ግን ጭንቀት ገድሎኛል። አባዬ ለፋሲካ ይመጣል፤ ሲመጣ የመጀመሪያ ቃሉ «እስቲ መኪናህን ንዳልኝ» እንደሚሆን አውቃለሁ። ካልበረረች መኪናዬን በከንቱ አረድኳት ማለት ነው።

ቅዳሜ ሹር ከሰዓት ወንዙ ዳር ሜዳ ላይ ወጣን። ሰናይት ሮጣ ወረወረቻት፣ እኔ ሪሞቱን ጨበጥኩ። ወይ ጉድ፣ በረረች! ግራ ስላት ግራ፣ ቀኝ ስላት ቀኝ፤ ደስታዬን ምን ብዬ ልንገራችሁ፣ እንባዬ መጣ። ታዲያ ያ ሪሞት ለግቢ መጫወቻ የተሠራ ነው፤ መኪናዋ ከበራችን ወጥታ ስለማታውቅ ከዚያ በላይ እንደማይደርስ ማን ልብ ይበል? ነፋሱ ሲወስዳት ብጫን ብጫን አልሰማ አለችኝ። ወንዙን ተሻግራ፣ ከባሕር ዛፎቹ በላይ ሆና ከዓይናችን ጠፋች።

በማግስቱ አባዬ እንደፈራሁት ጠየቀ። እኔ በር ኋላ ተደበቅሁ፤ ሁሉንም የነገረችው ሰናይት ናት። አባዬም «በረረች?» አላት።

«በረረች፣ አባዬ።»

«እኔ ሳላያት?»

ለቀበቶ ተዘጋጅቼ ነበር፤ እሱ ግን እንደ ልጅ ቅር አለው። በሚቀጥለው ጉዞው ያችኑ የመሰለች ሌላ መኪና ገዝቶ መጣና «በሉ፣ አሁን እኔ እያየሁ» አለ። እኔ ግን ተመልሳ የተሰጠችኝን መኪና ማን ይነካታል ብዬ እቅፍ አደረግኳት። እሱም አላስገደደኝም። በመጣ ቁጥር «እንፍታት እንዴ?» ይለኛል፤ እኔም በመጣ ቁጥር «በሚቀጥለው» እለዋለሁ።

ዛሬ የአውሮፕላን ዕቃ ሙሉውን አዝዞ ማስመጣት ይቻላል፤ እኔም ሰናይትም አቅሙ አለን። አባዬ ግን ስትበር ሳያይ ከዚህ ዓለም ሄደ። መኪናዋ እስከ ዛሬ ትነዳለች።